የላም ጭራ ስለ መኖዋ ምን ይነግረናል?

በቸሃ መንደሮች ላም በጀፎረው ላይ ሣር ትግጣለች፤ ከጓሮም የእንሰት ቅጠል ይቆረጥላታል። በበጋ ሣሩ ሲሳሳ የሚቆረጠው ቅጠል ይበዛል። እንሰቱ ግን የቤተሰቡ ቆጮ ነው፤ የላሟ እበት ደግሞ የእንሰቱ ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ «ከመኖዋ ውስጥ የእንሰቱ ድርሻ ስንት ነው?» ማለት የኑሮ ጥያቄ ነው። ላሟን ተከትለን የምትበላውን ሁሉ መመዘን ባንችልም፣ የጭራዋ ፀጉር ይመዘግበዋል።

ካርቦን 12 እና ካርቦን 13 የረጉ አይሶቶፖች ናቸው። እንሰት በብርሃን አስተጻምሮ ጊዜ ከባዱን ካርቦን 13 ከቆላ ሣሮች ይልቅ አብዝቶ ይተዋል። በመሆኑም እንደ እንሰት ያሉ ተክሎች በአማካይ ወደ -27 ከሺህ፣ የቆላ ሣሮች፣ በቆሎና ማሽላ ደግሞ ወደ -12 ከሺህ ይለካሉ። ፀጉር ከመኖው ጥቂት ስለሚከብድ ልዩነቱ ይቀነሳል። ከዚያ በኋላ -18 ብናገኝ እንበል፤ በ-12 እና በ-27 መካከል ካለው የ15 ርቀት 6ቱን ስለሄድን የእንሰቱ ድርሻ 40 በመቶ ይሆናል። በሀዳርና በዲኪካ የተገኙት የአውስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ ጥርሶች የሁለቱንም የተክል ወገኖች አሻራ እንደያዙ እ.ኤ.አ. በ2013 የታወቀው በዚሁ መርሕ ነው።

ይሁንና ቅጠል ሁሉ አንድ ልክ የለውም፤ የመኖው ዓይነትም ከሁለት ሊበልጥ ይችላል። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ያስፈለጉት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቀረበው አይሶሶርስ ሊሆኑ የሚችሉትን ድርሻዎች ሁሉ ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሲያርና ከእርሱ በኋላ የመጣው ሚክስሲያር ግን በቤይዝ ስሌት የመለኪያውን መዋዠቅ ጨምረው፣ «40» ብቻ ሳይሆን ለምሳሌ «ከ30 እስከ 50» የሚል መልስ ይሰጣሉ።

ልንጠነቀቅበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ላሟ የበቆሎ አገዳም ብትበላ፣ የአገዳውና የሣሩ ካርቦን ስለሚመሳሰል ሶፍትዌሩ በካርቦን ብቻ ሊለያቸው አይችልም፤ ቁጥር ከማውጣት ግን አይቦዝንም። የናይትሮጅን አይሶቶፕ ሊያግዝ የሚችለውም ሁለቱ በእርሱ ሲለያዩ ብቻ ነው። ከዝርዝሩ የዘነጋነውን መኖም ሶፍትዌሩ አያስታውሰንም፤ ድርሻውን ለሌሎቹ ያከፋፍለዋል። በእንዲህ ያለ ቁጥር ተመርኩዘን «ለከብት የሚቆረጠው እንሰት ይቀነስ» ብንል፣ ስሕተታችን ከወረቀት አልፎ ከጓሮ ይደርሳል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችን አስቀድሞ፣ ለላሟ በየወቅቱ ምን እንደሚቀርብላት የምታውቀውን የቤቱን እመቤት እንጠይቅ።