መልቀቂያው ላይ የማይጻፈው

ሲኒየር ዴቨሎፐር መልቀቂያ ሲያስገባ ምክንያቱን «የተሻለ ዕድል ስላገኘሁ» ብሎ ይጽፋል። የሰው ኃይል ክፍሉም «ዶላር ወሰደብን» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። የዶላሩ ነገር እውነት ነው፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚከፍል መሥሪያ ቤት፣ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራውን ሰው ገቢ መስተካከል አይችልም። ግን አዲስ አበባ ውስጥ፣ በባንክና በክፍያ ቴክኖሎጂ ሥራ፣ ሰው ስቀጥርና ስሸኝ የኖርኩ ነኝና በጆሮዎ ልንገርዎ፤ የብዙዎቹ ልብ የሚሸፍተው የውጭው ጥሪ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ባንኮቻችን ኮር ባንኪንጉን የሚገዙት እንደ ቴሜኖስና ኦራክል ካሉ የውጭ ኩባንያዎች ነው። ሶርስ ኮዱ እዚህ የለም። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እየታየው እጁን ማስገባት አይችልም። ስህተቱን ጽፎ ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ አለቃው ሲጠይቀው «ቬንደሩ እያየው ነው» ይላል። በተረፈው ጊዜ ሪፖርት ያወጣል። ይህንን አምና የተቀጠረ ልጅም ይሠራዋል፤ ሲኒየሩም ያውቀዋል። ከዚያ «እናሳድገው» ይባልና የክፍል ኃላፊ ይሆናል። ቀኑ በስብሰባ ያልቃል፤ ኮድ ሳይነካ ወራት ያልፋሉ። ዕድገት ብለን የሚወደውን ሥራ ነጠቅነው።

አንድ ቡድን ዘንድ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የደንበኞችን መዝገብ አጽዱ ተባሉ፤ ሲሰሙት አሰልቺ ሥራ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ የተመዘገበው አንድ ሰው ይሁን ሦስት፣ ሲስተሙ አይለይም። አንዱ ቅርንጫፍ ገብረ መድኅንን ለያይቶ፣ ሌላው ገጥሞ፣ ሌላው በላቲን ፊደል ጽፎታል። አንዲት ሲኒየር ዴቨሎፐር ሥራውን ወሰደች፤ መልቀቂያዋን ጽፋ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ሀን፣ ሐን፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰንና ሠን ወደ አንድ፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ የሚመልስ ሕግ አወጣች። ያን ጊዜ ችግሩ ተገለበጠ፤ እስከ አያት ስም ድረስ የሚገጥሙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ ሆነው ወጡ። የትውልድ ቀን ጨመረች። አንዱ ቀን በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቷል። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ ጸሐፊው በግምት ነሐሴ ወይም መስከረም ብሎ አልፎታል። ምሳ ሰዓት ሳይቀር ከባልደረቦቿ ጋር በዚሁ ስትከራከር አያት ነበር። «ይቺን ሳልፈታ የትም አልሄድም» አለች። አልሄደችምም።

አለቆች አጓጊ ሥራ ሲባል አዲስ ቴክኖሎጂ ይመስላቸዋል፤ ብሎክቼይን አምጡ፣ ኤአይ አምጡ ይላሉ። ያቺን ሴት ያቆያት ግን ከሌላ አገር ተገዝቶ የማይመጣ እውነተኛ ችግር፣ አፈታቱን ራሷ የመወሰን ሥልጣንና ውጤቱን በሰው እጅ ላይ ማየቷ ነው። ሶርስ ኮዱም የግድ ከእጃችን የራቀ መሆን የለበትም፤ የብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ሕንድ ውስጥ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ኮድ ላይ ነው የቆመው። ኮዱ ክፍት ከሆነ የእኛም ሰው ገብቶ ያነበዋል፣ ያስተካክለዋል። ግዢ የሚፈርሙ ኃላፊዎች ይህን ከዋጋው እኩል ቢያዩት ምኞቴ ነው። የደመወዝ ስኬሉም ላይ፣ ሰው ሳያስተዳድር የክፍል ኃላፊ ያህል የሚከፈለው ባለሙያ የሚቀመጥበት እርከን ይግባ፤ ከቦርድ ውሳኔ ሌላ የሚያስፈልገው ነገር የለም።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎ። ጥሩ ሲኒየር ለቃለ መጠይቅ ሲመጣ እሱም ይጠይቅዎታል፦ «ሶርስ ኮዱ በእጃችሁ ነው? ስህተት አርሞ ፕሮዳክሽን ላይ ለማውጣት የስንት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል?» ስለ ደመወዙ ከመደራደርዎ በፊት የእነዚህን መልስ ከአይቲ ኃላፊዎ ጋር ተነጋግረው ይግቡ።