ማልያ ላይ የተጻፈ ስም፦ አሕመድ ረሻድ



ስለሰለሙ ስፖርተኞች ሲወራ ሙሐመድ ዓሊና ከሪም አብዱልጀባር ወዲያው ይነሳሉ። በአሜሪካ ፉትቦል ዝነኛ የነበረውን አሕመድ ረሻድን ግን በእኛ ዘንድ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን ሲወለድ የወጣለት ስም ሮበርት ሙር ነበር፤ ሲጠሩት ቦቢ ይሉታል። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከተጫወተ በኋላ በ1972 ዓመታዊ ምልመላ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ቡድን በ4ኛ ደረጃ መረጠው።

የአሜሪካ ፉትቦል ስሙ «የእግር ኳስ» ቢመስልም ኳሱ በአብዛኛው የሚያዘው በእጅ ነው። አጥቂው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደፊት መግፋት አለበት። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ከተከላካዮች አምልጦ የሚቀበለው ደግሞ ሪሲቨር ነው። የረሻድ ቦታ ይህ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ የ98 ያርድ ኳስ ተቀብሎ ሮጦ፣ ነጥብ ሊያስቆጥር 1 ያርድ ሲቀረው ተይዞ ወደቀ።

ያ ጨዋታ የተመዘገበው በቦቢ ሙር ስም ነው። ከ1973 ጀምሮ ግን እስልምናን ተቀብሎ ሜዳ የገባው አሕመድ ረሻድ ሆኖ ነበር። አሕመድ ከ«ሐምድ»፣ ማለትም ከምስጋና የመጣ ሲሆን፣ ረሻድ ቅን መመራት ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ለሰለመ ሰው ስም መቀየር ግዴታ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትርጉሙ መጥፎ የሆነውን ስም ይቀይሩ ነበር፤ «ዓሲያ» (አመጸኛ) የተባለችውን «ጀሚላ» እንዳሏት። ረሻድ ግን ወዶ ቀየረ። ያደረገውም ስሙ ገና መታወቅ በጀመረበት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀላል አልሆነም። ወደ ሌላ ቡድን ተዛወረ፤ በ1975 በጉዳት ምክንያት ሳይጫወት ቀረ። በ1976 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ከ1978 እስከ 1981 በተከታታይ 4 ጊዜ ለምርጦች ጨዋታ ተመረጠ።

እስከ ዛሬ የሚወሳለት ቀን ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 14፣ 1980 ነው። ቫይኪንግስ በክሊቭላንድ ብራውንስ 23 ለ 22 እየተመራ ነበር፤ የቀረው 5 ሰከንድ፣ ርቀቱ 46 ያርድ። ቶሚ ክሬመር ኳሱን አርቆ ወረወረ። የተከላካይ እጅ ነካውና አቅጣጫው ተቀየረ፤ ረሻድ በአንድ እጁ ያዘው፣ የኋሊት እየተራመደም መስመሩን አለፈ። 28 ለ 23! በዚያ ድል ቡድኑ የምድቡ አሸናፊ ሆነ።

ከ1982 የውድድር ዓመት በኋላ ጫማውን ሰቅሎ የቴሌቪዥን ስፖርት ጋዜጠኛ ሆነ። በ2017 ቫይኪንግስ በክብር መዝገቡ ያሰፈረው ስምም አሕመድ ረሻድ የሚለውን ነው።

ረሻድ ዓሊም አልነበረም፤ ሕይወቱን ሁሉ አርአያ አድርገን አናቀርብም። ግን ነገ ሥራ ስንቀጠር ስማችንን ለማሳጠር ወይም ሶላታችንን ለመደበቅ የምንፈተን ብዙ ነን። እሱ አስቀድሞ ማንነቱን ተናገረ፤ ከዚያ ሥራውን በጥራት ሠራ። ሰዎች ስሙን የለመዱት ሥራውን እያዩ ነው።

ወላሁ አዕለም።