ስለ ደካማ ዐውሎ ነፋስና ተስፋ ስለሚደረግበት ዝናብ

የጥጥ፣ የእህልና የከብት ዋጋ ከሰማይ ጠባይ ጋር የተያያዘ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይሁን እንጂ ከባሕር ተነሥቶ ዝናብ ይዞ ይመጣል ስለሚባለው ዐውሎ ነፋስ የሚወጣውን ማስታወቂያ በትክክል የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። በንግድ ቤቶች መካከል «ሠላሳ በመቶ ይዘንባል ተብሏል» እየተባለ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ የማስታወቂያው ቃል ግን ይህን ማለት አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ አስረድቶ ማቅረቡ ለአስመጪዎችና ለላኪዎች፣ ለባለ ሱቆችም ጭምር የሚጠቅም ሆኖ ስለ ታየን የሚከተለውን ጽፈናል። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ አስፈላጊ በሆነበት ስፍራ የእኛን አቆጣጠር ጨምረናል።

በ2011 (በእኛ 2003 ዓ.ም.) በሰሜን አሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት እጅግ የከፋ ድርቅ ደርሶበት ነበር። ቴክሳስ በዚያ አገር ውስጥ በጥጥ ምርትም ሆነ በቀንድ ከብት ብዛት አንደኛውን ስፍራ የያዘ ክፍለ ግዛት ነው። ከኦክቶበር 2010 እስከ ሴፕቴምበር 2011 ያለው ዐሥራ ሁለት ወር፣ የዝናብ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ደረቅ የነበረው ሲሆን የወረደው ውሃ የተለመደውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከተዘራው የጥጥ መሬት ከግማሽ የሚበልጠው ሳይለቀም ቀረ። ሣርና ውሃ ያጡ አርቢዎችም የሚወልዱትን ላሞች ሳይቀር ወደ ገበያ ነዱ። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ሊቃውንት በኋላ ኪሳራውን ቢያሰሉት 7.62 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህም ውስጥ 3.23 ቢሊዮኑ የከብት፣ 2.2 ቢሊዮኑ የጥጥ ድርሻ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ዐይኑን ወደ ባሕር ይመልሳል። በሌላ ዓመት ዐውሎ ነፋስ መጣ ሲባል መስኮቱን በሳንቃ የሚቸነክረው የባሕር ዳር ሕዝብ፣ በዚያ ዓመት አንድ ዐውሎ እንዲመጣለት ይመኝ ጀመር። በጁላይ ወር አጋማሽ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የወጣ የአየር ሞገድ አትላንቲክን አቋርጦ፣ በዩካታን አጠገብ ሲደርስ ደመናው እየተሰበሰበ ሄደ። ጁላይ 27 ቀን (ሐምሌ 20 ቀን) ነፋሱ ስም ለማግኘት የሚበቃ ኃይል ስላገኘ «ዶን» ተብሎ ተጠራ። መንገዱም በቀጥታ ወደ ቴክሳስ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉት የአየር ሞገዶች የሚጸነሱት በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሳይሆን ከዚያ እጅግ ወደ ምሥራቅ ነው። በክረምት ወራት በዳርፉር ተራሮችና በእኛው ደጋ ላይ የሚነሣው የነጎድጓድ ደመና የብዙዎቹ መነሻ መሆኑን ሊቃውንት አጥንተው ጽፈዋል። በ2000 በአትላንቲክ የተነሣውን «አልበርቶ» የተባለውን ዐውሎ ወደ ኋላ ተከታትለው ምንጩን በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ አግኝተውታል። እኛ በሐምሌ ጥላ ዘርግተን የምናልፈው ነጎድጓድ አንዳንድ ጊዜ በሌላው ክፍለ ዓለም የጥጥ ገበሬ ደጅ ይደርሳል ማለት ነው።

የ«ዶን»ን ጉዞ የሚከታተሉት የመንግሥት ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም። በአሜሪካ አገር ከ1890 ሕግ ጀምሮ ዝናብንና ሙቀትን ያለ ደመወዝ የሚመዘግቡ በሺህ የሚቆጠሩ የበጎ ፈቃድ ተመልካቾች አሉ፤ ገበሬ፣ መምህር፣ ባለ ሱቅና ጡረተኛ በመካከላቸው ይገኛሉ። «ኮኮራዝ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሌላው ማኅበር ደግሞ የተመሠረተው በ1998 በኮሎራዶ ነው። ምክንያቱም በጁላይ 1997 በፎርት ኮሊንስ ከተማ ላይ የወረደው ዝናብ በከተማይቱ ምዕራብ ከ350 ሚሊሜትር ሲበልጥ፣ በምሥራቁ ወገን 50 ሚሊሜትር ያህል እንኳ አለመሙላቱ ነበር። አምስት ሰዎች በጎርፉ ሞቱ። በአንዲት ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ ጥቂት የመንግሥት መለኪያ እንደማይበቃ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

የእነዚህ ሰዎች መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። አፉ ዐሥር ሳንቲሜትር ያህል የሚሰፋ የፕላስቲክ ማሰሮ፣ በላዩ ማንቆርቆሪያ፣ በውስጡም ቀጭን ቱቦ አለ። የቱቦው ስፋት ከማሰሮው አፍ ዐሥረኛ እጅ ስለ ሆነ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በቱቦው ውስጥ ዐሥር ሚሊሜትር ቆሞ ይታያል፤ ስለዚህ እጅግ ጥቂቱም ይነበባል። ተመልካቹ በየማለዳው ከቁርስ በፊት ወጥቶ አንብቦ ይጽፋል፤ ውሃ ከሌለም ባዶ ብሎ ይልካል። በ2011 ከቴክሳስ የሚላከው አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነበር። ይህ ባዶ ግን ዋጋ የሌለው እንዳይመስለን። በአሜሪካ ከ1999 ጀምሮ በየሳምንቱ የሚወጣ የድርቅ ካርታ አለ፤ ለከብት አርቢዎች የሚሰጠው የመኖ ካሣ የሚወሰነው አንድ አውራጃ በዚያ ካርታ ላይ በሚይዘው ደረጃ ስለ ሆነ፣ አንድ ጡረተኛ በጓሮው የሚጽፈው ባዶ ቁጥር ለጎረቤቱ ገንዘብ ሊሆነው ይችላል።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ቃል እንመለስ። ከሐሩር ባሕር የሚነሣው ነገር መጀመሪያ «ሁከት» ይባላል፤ ይኸውም ከ200 እስከ 600 ኪሎሜትር ስፋት ያለው የነጎድጓድ ደመና ስብስብ ሆኖ አንድ ቀን ያህል ሳይበተን የቆየ ነው። ነፋሱ በአንድ መካከል ዙሪያ መዞር ከጀመረ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 63 ኪሎሜትር ሲደርስ ስም ይወጣለታል፤ 119 ሲደርስ በአትላንቲክ ወገን «ሀሪኬን» ይባላል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የነፋስ ደረጃ ነው፤ ስለ ዝናብ አንዲት ቃል አልተናገረም። በማያሚ ያለው ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል የሚያወጣው የመቶኛ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «ሠላሳ በመቶ» ማለት ሁከቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መዞር ጀምሮ ወደሚቀጥለው ደረጃ የመድረሱ ዕድል ከመቶ ሠላሳ ነው ማለት ነው። የተወሰነው ጊዜ በ2011 ሁለት ቀን ነበር፤ በ2013 ወደ አምስት፣ በ2023 ወደ ሰባት ቀን ተራዝሟል። ዕድሉ ከመቶ ዐሥር የሆነ ሁከት አገር የሚያጥለቀልቅ ውሃ ሊያወርድ ይችላል፤ ዕድሉ ከመቶ ዘጠና የሆነውም አቧራውን ሳያጠፋ ሊያልፍ ይችላል።

የ«ዶን» ነገር የሆነውም ይኸው ነው። ነፋሱ በኃይሉ ጊዜ በሰዓት 85 ኪሎሜትር ያህል ነበር። ነገር ግን በቴክሳስ ላይ ለወራት የተጫነው ከባድ የአየር ግፊት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረቅ አየር ያመጣ ስለ ነበር፣ ትንሹ ዐውሎ ወደ ጠረፉ በቀረበ መጠን ደመናው እየደረቀ ሄደ። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ሊወጣ ካልቻለ ዝናብ የለም፤ መሬቱም ራሱ ደርቆ ስለ ነበር ከታች የሚረዳ እርጥበት አልተገኘም። ዓርብ ጁላይ 29 ቀን ማታ ከባፊን የባሕር ወሽመጥ አጠገብ ወደ የብስ ሲገባ ደረጃውን አጥቶ፣ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይም ተበተነ። በአብዛኛው ስፍራ የወረደው ከ25 ሚሊሜትር በታች ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ብዙ ተመልካቾች ማሰሮአቸውን ከፍተው እንደ ወትሮው ባዶ ጻፉ።

ለጥጥ ነጋዴዎች አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓመት በማርች ወር በኒውዮርክ የአንድ ፓውንድ ጥጥ ዋጋ ከ2 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ ድርቁ በከፋበት በጁላይ መጨረሻ ግን ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ተገኘ። የክር ፋብሪካዎች በውድ ዋጋ ላለመግዛት ስለ ተቆጠቡ የቴክሳስ ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ዋጋውን ሊይዘው አልቻለም። በዐውሎ ወሬ ብቻ ጥጥ ለሚያከማች ሰው ይህ ሳይታሰብ የሚቀር ነገር አይደለም።

ደካማ የተባለ ሁሉ ግን ባዶውን አይመጣም። በጁላይ 1979 በዚያው በቴክሳስ የገባው «ክሎዴት» የተባለው ደካማ ዐውሎ በአልቪን ከተማ አጠገብ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ አወረደ። በ2001 የመጣው «አሊሰን» የሀሪኬን ደረጃ ሳይደርስ የሂውስተንን ከተማ አጥለቅልቆ ከአምስት ቢሊዮን ዶላር የማያንስ ጥፋት ስላደረሰ፣ ስሙ ዳግመኛ ለሌላ ዐውሎ እንዳይሰጥ ተወሰነ። በሴፕቴምበር 2019 ደግሞ «ኢሜልዳ» ስም በወጣለት በዚያው ዕለት ወደ የብስ ገብቶ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ1,100 ሚሊሜትር በላይ ያወረደበት ስፍራ አለ። የእነዚህ ሁሉ ምስጢር ዝግታቸው ነው። የሚመራቸው ነፋስ ደክሞ በአንድ ስፍራ ሲቆሙ፣ ከባሕሩ እርጥበት እየሳቡ በዚያው መሬት ላይ ያፈስሱታል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በሜይ 2018 (ግንቦት 2010 ዓ.ም.) «ሳጋር» የተባለው ዐውሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ፣ ግንቦት 11 ቀን በሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ በሉግሃያ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። የህንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የገመተው የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 85 ኪሎሜትር ያህል ነበር፤ በቁጥሩ ከ«ዶን» የማይለይ ነው። ሆኖም በጅቡቲ ከተማ የአንድ ዓመት ያህል ዝናብ በጥቂት ጊዜ ወርዶ መንገዱና ሰፈሩ በጎርፍ ተያዘ። በአውዳል ወገን ካለፈው ድርቅ የተረፈው የአርብቶ አደሩ መንጋ በጎርፍ ተወሰደ፤ በዐሥር የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚያን ሰሞን ከጅቡቲ ስለሚነሣ የጽሕፈት ወረቀት ጭነት ደብዳቤ ያዘጋጅ ነበር። «ዐውሎው ቀላል ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ፣ ጭነቱ ሸራ እንዲደረብለት ወይም መነሻው በጥቂት ቀን እንዲዘገይ ሳያሳስብ ቀረ። ካሚዮኑ ዘግይቶ ሲደርስ የታችኛው ረድፍ ወረቀት ውሃ ጠጥቶ እንደ ቂጣ ተጣብቆ ነበር። ጥፋቱ የሹፌሩም የባሕሩም አልነበረም፤ የነፋሱን ቁጥር አንብቦ ስለ ዝናቡ የተጻፈውን ሁለተኛ አንቀጽ ያላነበበው ጸሐፊ ነው።

በዐረቢያ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዐውሎ የሚነሣባቸው ወራት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሜይና ጁን፣ ሁለተኛው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። በኖቬምበር 2015 «ቻፓላ» እና «ሜግ» በተከታታይ የመንን ሲመቱ፣ በኖቬምበር 2020 ደግሞ «ጋቲ» ሶማሊያን መትቷል። ለዚህ ባሕር ማስታወቂያ የማውጣት ሥልጣን የተሰጠው በኒው ዴልሂ ላለው የህንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ነው። በእነዚህ ወራት በጅቡቲ ወይም በበርበራ ዕቃ ያለው ነጋዴ ማስታወቂያውን ሲመለከት ከስሙና ከነፋሱ ቁጥር አልፎ ዐውሎው በሰዓት ስንት ኪሎሜትር እንደሚጓዝና ከፊቱ ያለው አየር ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑን ይፈልግ፤ ቀጥሎም የሚጠበቀው ዝናብ በሚሊሜትር የተጻፈበትን ስፍራ ያንብብ። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 100 ሚሊሜትር ሲባል ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር በሆነ መጋዘን ጣራ ላይ 20,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል ማለት ነው።