ከጳውሎስ ኞኞ ሥራ፦ ለጠዳ ጀማሪ ጋዜጠኞች

ጠዳ ተቀምጣችሁ ጋዜጠኝነትን የምትመኙ ልጆች በየጊዜው «ከየት እንጀምር?» ትሉኛላችሁ። ከጋዜጠኛውና ደራሲው ጳውሎስ ኞኞ ጀምሩ። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ያዘጋጀው የነበረው «አንድ ጥያቄ አለኝ» የተሰኘ ዓምድ ግን ስሙን በአገሩ ሁሉ አስጠራው።

የዓምዱ አሠራር ቀላል ይመስላል። አንባቢ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ጳውሎስ ይመልሳል። እኔን የሚገርመኝ ጉዳዩን የሚመርጠው አንባቢው መሆኑ ነው። የዛሬው የአካባቢ ዜና አብዛኛው ከስብሰባ አዳራሽ ይነሣና «ተገለጸ» ብሎ ያበቃል፤ ይህ ያሳዝነኛል። እናንተ መኪና መያዣው ጋ ቁሙ። ሰዉ ወደ ጎንደር የሚከፍለው ታሪፍ ለምን ጨመረ ብሎ ከጠየቀ፣ ዜናችሁ እሱ ነው። ተሳፋሪውን፣ ሾፌሩን፣ ረዳቱን አነጋግሩ፤ ከዚያ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን የጸደቀ ታሪፍ ጠይቁና የተከፈለውን ከተፈቀደው ጋር አስተያዩ። ቢሮው መልስ ካልሰጠ፣ መቼና ማንን እንደጠየቃችሁ ጻፉ።

ጳውሎስ ስለ አጤ ቴዎድሮስም ስለ አጤ ምኒልክም የጻፈ ሰው ነው። የምኒልክን ደብዳቤዎች ለቅሞ ማሰባሰቡን ከሥራው ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደብዳቤዎቹ በመጽሐፍ ወጥተዋል። ተሰብስቦ የተቀመጠ ወረቀት ውሎ አድሮ ማስረጃ ይሆናል፤ ስለዚህ እናንተም ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ስታገኙ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቀኑንና ያገኛችሁበትን ቦታ እዚያው መዝግቡ።