የልጆች ጨዋታና ፊቱ ያልታየ ባልንጀራ

ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግም። በገና ሰሞን ሜዳ ሞልቶ የሚሰማውን የልጆች ሁካታ፥ በዛፍ ጥላ ሥርም በመሬት ላይ የሚቆፈረውን ገበጣ የማያስታውስ አባት ከአንባቢዎቻችን መካከል ያለ አይመስለንም። በዚያ ጨዋታ ግን ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ አንድ ያልታወቀ ጐልማሳ መጥቶ በሕፃናቱ መካከል ቢቀመጥ፥ «አንተ ሰው፥ ከወዴት መጣህ? ከልጆቹስ ምን ጕዳይ አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት አይታጣም ነበር። ዛሬ ልጆች በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቱበት ሜዳ ይህ ጠያቂ የማይገኝበት ስለ ሆነ፥ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለርሱ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ሮብሎክስ የሚባለው የኢንተርኔት መጫወቻ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ዓመት ለሕዝብ ተከፈተ። ይህ አንድ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ማንም ሰው የራሱን ጨዋታ ሠርቶ የሚያኖርበት፥ ሌላውም እየገባ የሚጫወትበት እንደ ትልቅ ገበያ ያለ ስፍራ ነው። በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሮበክስ የሚሉት የራሱ መገበያያ አለው። በ2025 ዓመት በቀን የሚገባበት ሰው ቍጥር ከ100 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፤ ከነዚህም እጅግ ብዙዎቹ 13 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

በዚህ ገበያ የሚገባው ሰው ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው እርሱ በመረጠው መልክ የተሣለ አሻንጉሊት ነው። የ40 ዓመት ሰው የ11 ዓመት ልጅ ነኝ ቢል አብረውት የሚጫወቱት ልጆች በምን ያውቁበታል? ክፉ ሐሳብ ያለውም ሰው በመጀመሪያው ቀን ክፉ ነገር አይናገርም። አስቀድሞ ከልጁ ጋር በትዕግሥት ይጫወታል፥ ሲሸነፍ ያጽናናዋል፥ ጥቂት ሮበክስም ይሰጠዋል። ቀጥሎ እናቱ ወዴት እንደምትሠራ፥ ማታ ከርሱ ጋር በቤት ማን እንደሚያድር እንደ ዋዛ ይጠይቀዋል። ከዚያም ጠባቂ የሌለበትን የሌላ መልእክት መላላኪያ ስም ጠርቶ፥ «ወደዚያ እንሂድና በነፃ እንነጋገር» ይለዋል። ወላጆች ከሁሉ ይልቅ ሊያስተውሉት የሚገባ ምልክት ይህ ነው፤ ልጁን ከጨዋታው ስፍራ ለይቶ ለብቻው ሊያነጋግረው የሚሻ ሰው የሚሻው ጨዋታውን አይደለም። በመጨረሻም ፎቶግራፍ ይለምናል፤ ከተላከለት በኋላ ልመናው ወደ ማስፈራራት ይለወጥና፥ «ሌላ ካልላክህ ለአባትህና ለትምህርት ቤት ጓደኞችህ አሳያለሁ» ይላል።

የጨዋታ ነጋዴዎቹ ይህን በር ለመዝጋት ብዙ ዘግይተዋል። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ፎርትናይት የሚባለውን ጨዋታ የሠራው ኤፒክ ጌምስ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ 520 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚህ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን ምስጢር የሚጠብቀውን የ1998 ዓመት ሕግ ስለ ጣሰ የተቀጣው ነው፤ 245 ሚሊዮኑም ሳያስቡት ዕቃ እንዲገዙ ለተደረጉ ሰዎች የሚመለስ ነበር። እኛን ይልቅ ያስገረመን በክሱ ውስጥ የተነገረው ሌላው ነገር ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር የድምፅና የጽሑፍ ንግግሩ ለሕፃናት ሳይቀር ክፍት ሆኖ ይቆይ ነበርና፥ ልጆች ከማያውቋቸው ጐልማሶች ጋር ተገናኝተው ተሰድበዋል፥ ተዝቶባቸዋልም። ሮብሎክስም በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ወላጅ በራሱ ስልክ የልጁን መዝገብ የሚቈጣጠርበትን መንገድ አወጣ፤ በ2026 ዓመት መጀመሪያም መነጋገር የሚሻ ሰው ሁሉ ዕድሜውን በፊቱ ምስል እንዲያስመረምር አዘዘ። ጥሩ ነው። ሆኖም ልጁ መዝገቡን በከፈተበት ቀን የልደቱን ዓመት ዋሽቶ ጽፎ እንደ ሆነ ለሕፃን የተሠራው አጥር ብዙው አያገኘውምና፥ ወላጅ አስቀድሞ ይህን ይመርምር።

በቻይና ከ2021 ዓመት ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ዓርብ፥ ቅዳሜና እሑድ በየቀኑ አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲጫወት ታዟል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 ዓመት የሌሊቱን ጨዋታ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑት ከልክላ ነበር፤ ሕጉ ግን ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ቀርቷል። ሰዓት መቍጠር ለእንቅልፍ ይረዳ ይሆናል፤ በአንዲቱ ሰዓት ውስጥ ልጁ ከማን ጋር እንደ ዋለ ግን አያስታውቅም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሌላ ከተማ ቋንቋውን ገና ያልለመደች እናት ስልኳን የሚያዘጋጅላት፥ የይለፍ ቃሏን የሚያውቅላት፥ ከመሥሪያ ቤት የመጣውንም ደብዳቤ የሚያነብላት ልጇ ነው። እንግዲህ የቤቱን ቍልፍ የያዘው ሕፃኑ ሲሆን ተቈጣጣሪው ማን ይሆናል? እንዲህ ያለች እናት ልጁን፥ «ና፥ አጠገቤ ተቀመጥና ጨዋታህን አስተምረኝ» ብትለው፥ የባልንጀሮቹንም ስም አንድ በአንድ ብታስቈጥረው፥ ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ ጥበቃ ታገኛለች ብለን እናምናለን።

በአገር ቤትም ሆነ በውጭ ልጆቻችንን በታላቅ ሰው ፊት ዝም ማለትን፥ የታዘዙትንም መፈጸምን እናስተምራቸዋለን። ይህ ጨዋነት መልካም ነው፤ ነገር ግን ታላቅን እንቢ ማለት ነውር ነው ተብሎ ብቻ ያደገ ልጅ ለእንዲህ ያለ ሰው ቀላል ሲሳይ ይሆናል። ስለ ሰውነትም ነገር በቤታችን ስለማይነገር፥ ልጁ የደረሰበትን የሚገልጽበት ቃል እንኳ ያጣል። አባቴ ይገርፈኛል፥ ስልኬንም ይወስድብኛል የሚል ፍርሃት ሲጨመርበት፥ ምስጢሩን የሚያውቅለት ሰው ያ አስፈራሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ወላጅ ነገሩ ሳይደርስ በፊት፥ ምንም ቢሆን ቢነግረው እንዳይቀጣው ለልጁ ቃል ይግባለት፤ ቃሉንም ይጠብቅ።

ነገሩ ደርሶ እንደ ሆነ መልእክቶቹን በቍጣ ማጥፋት አይገባም፤ ማስረጃዎች ናቸውና አስቀድሞ በፎቶግራፍ ይያዙ፥ ከዚያ ሰውዬው ይታገድ፥ ለፖሊስና ለጨዋታው ባለቤቶችም ይነገር። ገንዘብ መክፈል ሌላ ጥያቄ ያመጣል እንጂ አያስቆመውም። ስለ ፎቶግራፉም በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማእከል የሚመራው ቴክ ኢት ዳውን የሚባል አገልግሎት አለ፤ ገንዘብ አያስከፍልም፥ ስም አይጠይቅም፥ በሌላ አገር ላሉትም ይሠራል። ሥዕሉ ራሱ ከልጁ ስልክ አይወጣም፤ በስልኩ ላይ ከሥዕሉ የሚወጣ የቍጥር ምልክት ብቻ ይላክና፥ ከአገልግሎቱ ጋር የተባበሩት የኢንተርኔት ኩባንያዎች በዚያ ምልክት ፈልገው ከገጻቸው ያነሡታል።