ዝርዝሩ ራሱ ምስጢር ሲሆን

የሰውን ማንነት ከአደባባይ መሰወር ሲባል ቶሎ የሚታየን ስም መቀየር፣ ፊት መጋረድ፣ ድምፅን ማጎርነን ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የተቋቋመው የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን ያጋጠመው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የማንም ታሪክ አልተነበበም፣ የማንም ቃል አልወጣም፤ ሰዎች በአንድ የአድራሻ ዝርዝር ላይ አብረው መታየታቸው ብቻ ምስጢራቸውን ለመግለጥ በቃ።

ኮሚሽኑን የወለደው በ2012 እ.ኤ.አ. የፈነዳው የጂሚ ሳቪል ጉዳይ ነው። ዝነኛው የቢቢሲ አቅራቢ ለዓመታት ሕፃናትን ሲያጠቃ እንደኖረ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ማሳደጊያው የት ነበሩ? የሚለው ጥያቄ በረታ፤ በ2014 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ምርመራው እንዲጀመር ወሰኑ። ለኮሚሽኑ ከተናገሩት መካከል የደረሰባቸውን ከዚያ በፊት ለማንም ነግረው የማያውቁ ነበሩ። በዚያ አገር ሕግ ደግሞ የወሲብ ጥቃት የደረሰበት ሰው ማንነቱ ዕድሜ ልኩን በመገናኛ ብዙኃን እንዳይወጣ ይጠበቅለታል።

ፌብሩወሪ 27 ቀን 2017 አንድ የኮሚሽኑ ሠራተኛ ስለሚካሄድ ግልጽ ችሎት ለ90 ሰዎች ኢሜይል ላከ። መልእክቱ ስህተት ስለተገኘበት ማረሚያ ተከተለው። ጥፋቱ የደረሰው በማረሚያው ነው። ኢሜይል ለብዙ ሰው ሲላክ አድራሻዎቹ በ«ቢሲሲ» ሳጥን ከገቡ አንዱ ተቀባይ ሌላውን አያይም፤ በተለመደው የተቀባይ ሳጥን ከገቡ ግን ሁሉም ሁሉንም ያያል። አድራሻዎቹ የገቡት በሁለተኛው ነበር። ከእነሱ 52ቱ የባለቤቱን ሙሉ ስም የያዙ ወይም ስሙ የተለጠፈባቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያማል። ኮሚሽኑ ኢሜይሉን እንዲያጠፉ ተቀባዮቹን በሦስት መልእክቶች ተማጸነ፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ለሁሉም የተላኩ 39 ምላሾችን አስከተለ። በጉዳዩ 22 አቤቱታዎች ቀረቡ። በአካል የወጣ ወረቀት ይሰበሰባል፤ የታየ ስም ግን ካየው ሰው አይሰበሰብም።

ጣት መቀሰር ያለበት ወደዚያ ሠራተኛ ነው ብዬ አላምንም። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤትም ጥፋቱን ያገኘው በአሠራሩ ውስጥ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የሚልክ የኢሜይል አካውንት አልነበረም፤ ሠራተኞች ከመላካቸው በፊት ደግመው እንዲያዩ የሚያዝ መመሪያም ሆነ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። ኮሚሽኑ ዝርዝሩን እንዲይዝለት የኮምፒውተር ድርጅት ቀጠረ፤ አድራሻዎቹን ያስተላለፈው ግን ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ ነው። ተቀባዮች ለመላው ዝርዝር መመለስ አይችሉም የሚለውን የድርጅቱን ምክርም አመነ። በጁላይ ወር አንድ ሰው ለሁሉም መለሰና የገዛ አድራሻው ለመላው ዝርዝር ታየ። በ2018 ኮሚሽኑ 200,000 ፓውንድ ተቀጣ።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መሰማቱ ነው። በሴፕቴምበር 2015 የለንደን 56 ዲን ስትሪት ክሊኒክ ለኤችአይቪ አገልግሎት ተጠቃሚዎቹ ያዘጋጀውን ጋዜጣ በዚሁ ዓይነት ስህተት ለ781 አድራሻዎች ልኮ ነበር፤ 730ዎቹ ሙሉ ስም ነበረባቸው። ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው ተቋም 180,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። ከተቀባዮቹ መካከል ቫይረሱ በደማቸው የሌለ ሰዎችም ነበሩ፤ ዝርዝሩን ላየ ሰው ግን ያ ልዩነት አይታይም። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚይዝ ማኅበር፣ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ሁሉ ሊያደርገው የሚገባው ቀላል ነው፦ አንድ መልእክት ለብዙ ሰው ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መልእክት የሚልክ መሣሪያ መጠቀም።