በኦዳ ጥላ ሥር መስተፋቅር አይሠራም

ዱከምን በአሮጌው የአዳማ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያስታውሳት በጥሬ ሥጋ ቤቶቿ፣ ዳር ይዘው በሚቆሙት ከባድ መኪናዎችና በኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎቿ ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ኦዳ ነቤ እንዳለ የሚያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ኦዳ ነቤ የቱለማ ኦሮሞ ጥንታዊ የገዳ ማዕከል ሲሆን፣ ከኦዳ ሮባ፣ ከኦዳ ቡልቱም፣ ከኦዳ ቡሉቅና ከኦዳ ቢሲል ጋር ከአምስቱ ታላላቅ ኦዳዎች ይቆጠራል። መንገዱን ትንሽ ወደፊት ሲገፉበት ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ የምስጋናው በዓል ኢሬቻ የሚከበርበት ሐይቅ፣ ሆራ አርሰዲ አለ።

በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ባለው አገር ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር የሚወራ ብዙ ነገር አለ። መስተፋቅር በዛፍ ሥር ይሠራል ይባላል። የልጅቷን ትዳር የዘጋው የአያቷ መንፈስ ነው ይባላል። ሐይቁ ግብር ይፈልጋል ይባላል። ይህ ሁሉ በአንድ ከረጢት ተጨምሮ «ባዕድ አምልኮ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ከረጢቱንም የኦሮሞ ጥንታዊ እምነት የሆነው ዋቄፈና ይሸከማል። እኔ ዋቄፈናን ልሰብክ አልተነሣሁም። ያልሠራውን ሲሸከም ማየቱ ግን ያሳዝነኛል። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በዚሁ ወሬ የተነሣ ገንዘባቸውንና ጤናቸውን የሚያጡ ሴቶች መኖራቸው ነው።

ከሁሉም በፊት የሚነሣው «ዛፍና ውኃ ያመልካሉ» የሚለው ነው። የዋቄፈና አማኝ የሚለምነው ሁሉን የፈጠረውን አንድ ዋቃ ነው። ውኃውም፣ ተራራውም፣ ሾላውም የእርሱ ፍጥረት ናቸው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ሆራ የሚወርደው ክረምቱን በሰላም ስላሻገረው ሊያመሰግን ነው። ሣሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ራሱን ይረጫል፤ የገዳ መሪዎቹ አባ ገዳዎችና ሲንቄ የሚባለውን በትር የያዙት እናቶች፣ ሀደ ሲንቄዎች፣ ይመርቃሉ። ሌላም ኢሬቻ አለ፤ ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት በተራራ ላይ የሚደረግና ልመናው የሚበዛበት። ኦዳውም፣ ማለትም ሾላው፣ ቢሆን በመጀመሪያ የጉባኤ ቦታ ነው። ሕግ የሚወጣው፣ ጠብ የሚፈታው፣ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚተላለፈው በጥላው ሥር ነው። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው በ2009 ዓ.ም. ኅዳር፣ እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው ጉባኤ ነው።

ግንዱ ላይ ቅቤ ሲቀባ ያየ ሰው መደናገሩ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቅቤ በዚህ አገር የምርቃት ምልክት ነው፤ የሙሽራ ራስም በቅቤ ይርሳል። ግንዱን የሚቀባው ሁሉ ሥርዓቱን አውቆ ያደርገዋል ማለት አይደለም። ዛፉ ራሱ ይሰማኛል ብሎ የሚቀባም ይኖራል። በየትኛውም ሃይማኖት ግን አንድ ሰው የሚያደርገውና እምነቱ የሚያስተምረው ሁልጊዜ አይገጥሙም።

ወደ ሆራ ባልና ልጅ ሊለምኑ የሚሄዱ መኖራቸው እውነት ነው። ይህ ግን የሆራ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወጣው ሕዝብ ከሚሳለው ስለት ምን ያህሉ ትዳርና ልጅ እንደሆነ ማንም ያውቀዋል። ወጣቶች ለኢሬቻ አምረው ለብሰው መውጣታቸውና መተያየታቸውም እንደ ነውር ይነገራል። በጥምቀት ወንዱ ወደ ልጅቷ ሎሚ ሲወረውር የኖረው በዚያው በተቀደሰው ቀን አይደለምን? ሕዝብ በብዛት በሚሰበሰብበት በዓል ወጣት መተያየቱ በዓሉን አያረክሰውም።

«ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይበላል» የሚለው በአጭሩ ይታለፍ። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ እግር የሚያርፍበት መሬት ይጠፋል። ዋና የማይችል ልጅ የሚሰምጠው በዚህ ነው።

አሁን ወደ መስተፋቅር እንምጣ፤ ወሬው የሚበዛው፣ ጉዳቱም የሚከፋው እዚህ ላይ ነውና። የሌላውን ሰው ልብ ያለ ፈቃዱ የማሰር ሐሳብ ከዋቄፈና የመጣ አይደለም። ዋቄፈና ሰፉ በሚለው ሥርዓት ይተዳደራል። ሰው ለዋቃ፣ ለሌላው ሰውና ለፍጥረት ያለበት አክብሮትና ገደብ ማለት ነው። የሰውን ፈቃድ ሰርቆ መውሰድ ከዚህ ጋር በምን ይታረቃል? ተጽፎ የቆየውን የመስተፋቅርን ጥበብ ብንፈልግ የምናገኘው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አፈንግጠው በወጡ አንዳንድ ደብተራዎች ብራና ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም አጥብቃ ታወግዘዋለች። የሙስሊሙም ሰፈር የራሱ ክታብ ጸሐፊዎች አሉት። ከኢትዮጵያ ውጭም ቢሆን በጥንቷ ግብጽ በግሪክኛ የተጻፉ የአስማት ፓፒረሶች የፍቅር ማሰሪያ ሞልቶባቸዋል። የሚወዱትን ሰው የማጣት ፍርሃት ባለበት ሁሉ ለዚያ ፍርሃት መድኃኒት አለኝ የሚል ሻጭ ይኖራል፤ ሻጩ የሚጠራው ስም እንደ ገዢው ሃይማኖት ይለዋወጣል።

ድግምቱ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ መከራከር ዋናውን አደጋ ያስረሳል። አደጋው ያለው በሚዋጠው ነገር ነው። በወጥ ወይም በጠላ ተቀላቅሎ የሚሰጠው ቅጠልና ሥር ምን እንደሆነ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ የበላው አያውቅም፤ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። አስተናግር የምንለውን ተክል እንውሰድ። በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን አፍ ያደርቃሉ፣ የዓይን ብሌን ያሰፋሉ፣ ልብ ያስሮጣሉ፣ የሌለ ነገር ያሳያሉ፤ መጠኑ ከበዛም ይገድላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ የሚቃዥን ባል «ተያዘልኝ» የምትል ሚስት ብትኖር፣ የያዘው መርዝ ነው። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ ምን እንደበላ ደብቆ ማቆየት ሕይወቱን ሊያስከፍል ይችላል።

«ዓይነ ጥላ ትዳሯን ዘጋባት»፣ «ሌሊት የሚመጣ ባል አላት» የሚለው ደግሞ በሴቶች ላይ ብቻ የሚወድቅ ፍርድ ይመስለኛል። ወንዱ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶት ሳያገባ ቢቀር ኑሮ ተወደደበት ይባላል። ሴቷ ላይ ሲሆን መንፈስ ይፈለግላታል። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ዓመታት፣ ሥራ ፍለጋ ከቤተሰብ መራቅ ለእርሷም ይሠራል።

ሌሊት ስለሚመጣው ደግሞ ልዘርዝር። ሰው ነቅቶ፣ ዓይኑ ተከፍቶ፣ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል፤ ደረቱ ላይ የተጫነ ነገር ይሰማዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስለዋል። አማርኛ ይህን ዱካክ ሲለው ኖሯል። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል የሰውነትን ጡንቻዎች ይዘጋቸዋል፤ ሕልሙን እየኖርን እንዳንወራጭ። አንዳንዴ መዝጊያው ሳይነሣ እንነቃለን፤ ያን ጊዜ ሕልሙና ክፍሉ ይደባለቃሉ። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ ሰዓት መዛባት ያባብሱታል። እንደ ዱከም ባለ የፋብሪካ ከተማ የአንድ ሳምንት ፈረቃ ቀን፣ የሌላው ሌሊት በሚሆንበት ኑሮ፣ ዱካክ ቢበዛ የሚያስገርም አይደለም። እህቴ፣ በጎንሽ የተኛ መንፈስ የለም። በቂ እንቅልፍ ያስፈልግሻል፤ ከተደጋገመብሽም ጤና ጣቢያ ብትሄጂ ይረዱሻል።

ሰው ላይ ይወርዳል የሚባለው ዛርም ራሱን የቻለ ረጅም ታሪክ አለው፤ እርሱም ከዋቄፈና ጋር መምታታት የለበትም። ከኢትዮጵያ ሌላ በሱዳን፣ በግብጽ፣ በሶማሊያና እስከ ኢራን ዳርቻ ይታወቃል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጎንደር ተቀምጦ ሲያጠናው ያገኘው በክርስቲያን ከተማ፣ በክርስቲያን ሴቶች መካከል ነበር። ዛር ያለባት ሴት የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች። በዛሩ አፍ ስጦታ ትጠይቃለች፣ ባሏን ትገሥጻለች፣ በራሷ አፍ ብትናገረው የማይሰማላትን ትናገራለች። ብዙ አጥኚዎች ዛርን የሚያዩት በዚህ በኩል ነው፤ እኔንም ያሳምነኛል።

የአቴቴም ስም እንዲሁ ጠፍቷል። በሸዋ ከተሞች ጨሌ የምትሻ፣ ካልተገበረላት ልጅ የምትከለክል መንፈስ ተደርጋ ትወራለች። አርሲ ውስጥ ግን አቴቴ የሴቶች የልመና ጉባኤ ነው። ድርቅ ሲበረታ፣ ልጅ ያጣች ሴት ስትኖር፣ ወይም አንዷ ስትበደል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ዋቃን ይለምናሉ፣ ይመርቃሉ።

ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው። የሙሽራዪቱ መከበሪያ ነውና ባል ሊነካው አይችልም። ሚስቱን የደበደበ እንደሆነ የሰፈሩ ሴቶች በትሮቻቸውን ይዘው ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ፈርደው በዳዩ እስኪክስ ድረስ አይመለሱም። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በሁለት ተጣዪዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ ይቆማል። ይህ ሥርዓት ዛሬም በአርሲና በአካባቢው ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የዋቄፈና አማኞች ትዳር «ሕግ የለሽ» ነው የሚሉት ምን አይተው እንደሆነ አይገባኝም። በጎሳ ውስጥ መጋባት ክልክል ነው፤ ትውልድ ይቆጠራል። አማራውም ሰባት ቤት ይቆጥራል።

ጠለፋንም «የባህል ጋብቻ» ብሎ ከዚሁ ጋር የሚደምር አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በማግባት ዓላማ የጠለፈን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የቀድሞ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ያ ማምለጫ ተዘግቷል።

የባህል ጋብቻ ራሱ ግን በሕግ የታወቀ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸሙትን ሦስት የጋብቻ ዓይነቶች ይቀበላል። ለሦስቱም የሚጠይቃቸው መሠረታዊ ነገሮች አንድ ናቸው፤ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው ይሁኑ፣ ሁለቱም በነፃ ፈቃዳቸው ይስማሙ። በአባ ገዳ ምርቃት የተጋባች ሴትም ንብረት ስትካፈል ሕጉ የሚያያት በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ እንደተጋባችው ነው። ጋብቻዋን በቀበሌዋ ማስመዝገቧ ደግሞ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ምስክር ከመፈለግ ያድናታል።